አውራጃ ፍርድ ቤት የት ገባ? የአያቷን የፍርድ ወረቀት ላገኘች ጠያቂ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የእናቴ አባት በ1961 ዓ.ም በሞጣ አውራጃ ፍርድ ቤት በርስት ተከራክረው ረትተዋል። የውሳኔው ግልባጭ ከእናቴ ሣጥን ተገኘ። ዛሬ ግን አውራጃ ፍርድ ቤት የሚባል አላውቅም። ምን ዓይነት ፍርድ ቤት ነበር? ማን ተካው? ዋናው መዝገብ የት ይገኛል? ዘመዶቼ ደግሞ በዚህ ወረቀት መሬቱን እናስመልስ እያሉ ነው፤ ይቻላል ወይ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ዘመዶችሽ ጠበቃ ቀጥረው ገንዘብ ሳያወጡ ይድረስላቸው። ወረቀቱ መሬት አያስመልስም። ምክንያቱን ወደ ታች በዝርዝር እነግርሻለሁ። ግን እንዳትጥይው። ለሌላ ነገር ይጠቅማል፣ እሱንም እነግርሻለሁ።

አውራጃ ፍርድ ቤት ከወረዳ በላይ፣ ከከፍተኛ ፍርድ ቤት በታች የነበረ ፍርድ ቤት ነው። ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱ፣ ለወረዳ የከበደውን ጉዳይ በመጀመሪያ ደረጃ ያያል። ሁለተኛው፣ ወረዳ የፈረደውን በይግባኝ ይሰማል። ክፍለ ሀገር የሚኖር ሰው ከሰፈሩ ዳኛ ወጥቶ በጽሑፍ ሕግ የሚሠራ፣ ማኅደር የሚከፍት፣ ብዙ ጊዜም ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበት ችሎት ፊት የሚቆመው እዚያ ነበር። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማም ለብዙው ሰው የቀናት መንገድ ነው። አውራጃ ከተማው ግን በእግርም በበቅሎም ይደረሳል። ጎጃምን ብቻ ብትወስጂ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድርና መተከል የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ። የአያትሽ ሞጣ አንዷ ናት።

ፍርድ ቤቱ እንዴት እንደ ተወለደ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በድሮው ሥርዓት ዳኝነት ከሹመት ጋር የተሰፋ ነበር። የተሾመ ይዳኛል። ጭቃ ሹሙ፣ መልከኛው፣ ምስለኔው፣ አገረ ገዥው ሁሉም በየደረጃው ዳኛ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ መንገደኛውን እንኳ «ዳኘን» ብለው ያስቆሙት ነበር፤ የመንገድ ዳኛ የሚባለው እሱ ነው። ክርክሩ በቃል ነው። በላ ልበልሃ ይባላል፣ ተጠየቅ ይባላል፣ ውርርድ ይገባል፣ ዋስ ይጠራል። ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ታስረው ቁራኛ ሆነው ይሄዱ ነበር። ከሁሉ በላይ የንጉሡ ዋና ዳኛ የሆነው አፈ ንጉሡ፣ ከአፈ ንጉሡም በላይ የንጉሡ ዙፋን ችሎት አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ናቸው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፍርድ የራሱ መሥሪያ ቤት አገኘ ማለት ነውና። በክፍለ ሀገር ግን ገዥው ዳኛ መሆኑ አልተለወጠም።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ፍርድ ቤት በወረቀት ላይ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም ነጋሪት ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 2 የፍርድ አስተዳደሩን አቋቋመ። ከላይ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የክፍለ ሀገር ፍርድ ቤቶች። እነዚህ የክፍለ ሀገር ፍርድ ቤቶች በአስተዳደሩ እርከን ተከትለው የጠቅላይ ግዛት፣ የአውራጃ፣ የወረዳ እና የምክትል ወረዳ ሆኑ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 90 አጥቢያ ዳኛ ተጨመረ፤ እሱ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይና እስከ 15 ብር መቀጮ የሚያስቀጣ ጥፋት ያያል።

እስቲ ደረጃውን ቁጠሪው። አጥቢያ፣ ምክትል ወረዳ፣ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ጠቅላይ ግዛት፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት፣ በመጨረሻ ዙፋን ችሎት። ስምንት! አንድ የድንበር ጠብ ሁሉንም ባይረግጥም ብዙውን ሊረግጥ ይችል ነበር። ባላገሩ ከሙግት የሚወጣው ወይ ረትቶ ወይ በሬውን ሸጦ ነው። ብዙዎች ሁለቱም ደርሶባቸዋል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢው ገዥው ራሱ ወይም እንደራሴው ነበር። ግብር የሚሰበስበው፣ ፖሊስ የሚያዘው፣ ሰው የሚያስረው፣ ያው እሱ ችሎት ይቀመጣል። በኔ እምነት የዚያ ዘመን የክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ዋና በሽታ የሕግ ማነስ ወይም የዳኛ አለማወቅ አይደለም። ይህ ነው። ገዥው ያስለካብሽን መሬት ገዥው ፊት ቀርበሽ እንዴት ትከራከሪያለሽ? ሰው እየተሻገረ እስከ ዙፋን ችሎት አቤት ይል የነበረው ሙግት ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ከገዥው እጅ የወጣ ዳኛ ፍለጋ ነው።

ለውጡ የመጣው በ1955 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 195 ነው። አያትሽ የተከራከሩበት ፍርድ ቤት በዚህ አዋጅ የቆመው ነው። አዋጁ ዛፉን ገረዘው። የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤትና የምክትል ወረዳ ፍርድ ቤት ቀሩ። አራት እርከን ብቻ ሆነ፦ ወረዳ ግዛት፣ አውራጃ ግዛት፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስችል ሆነ። አውራጃ ፍርድ ቤት ስሙ እንደ ድሮው ቢሆንም ክብደቱ ጨመረ፤ በወረዳና በከፍተኛው መሃል የቀረው እሱ ብቻ ነዋ።

ሥልጣኑን በብር የለካው በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ይህን ክፍል ወረቀትሽን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አንብቢው።

ክርክሩ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ ወረዳ እስከ 500 ብር ያያል። መሬትና ቤት ከሆነ እስከ 1,000 ብር። አውራጃ ደግሞ በተራው እስከ 5,000 ብር፣ መሬትና ቤት ከሆነ እስከ 10,000 ብር። ከዚያ ያለፈው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በብር የማይለኩ አንዳንድ ጉዳዮችም በቀጥታ የከፍተኛው ናቸው፦ የማኅበር መቋቋምና መፍረስ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ ኪሳራ፣ የንግድ ምልክት፣ ዜግነት፣ ተገዶ የተያዘን ሰው ነጻ ማውጣት፣ እንደነዚህ ያሉት።

ስለዚህ ወረቀትሽ አናት ላይ ተመልከቺ። አያትሽ «ከሳሽ» ወይም «ተከሳሽ» ተብለው ከሆነ ጉዳዩ በቀጥታ አውራጃ ገብቷል ማለት ነው፤ መሬቱ ያኔ ከ1,000 ብር በላይ ተገምቶ ነበር። «ይግባኝ ባይ» ወይም «መልስ ሰጭ» ከተባሉ ግን መጀመሪያ የተፈረደው ወረዳ ነው፤ በእጅሽ ያለው የይግባኝ ውሳኔ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይግባኝ ከሆነ የምስክሮች ቃል፣ የዘር ቆጠራው፣ የድንበሩ ዝርዝር በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳው መዝገብ ላይ ነው። አውራጃው መርምሮ ማጽናቱን ወይም መሻሩን ብቻ ይጽፋል። ብዙ ሰው አንዱን መዝገብ አግኝቶ «ይኸው በቃ» ይላል። ሌላ መዝገብ መኖሩን አያውቅም።

በወንጀልም በኩል እንደዚሁ መካከለኛ ነበር። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የትኛው ወንጀል የት እንደሚታይ በሠንጠረዥ አስቀምጧል። ቀላሉ ወረዳ፣ ከበድ ያለው አውራጃ፣ ከባድ ግድያ የመሰለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ወረዳው ግን በትልልቅ ወንጀሎችም ሥራ ነበረው፤ ቀዳሚ ምርመራ የሚያደርገው እሱ ነው። ምስክር ሳይሞት፣ ሳይርቅ ቃሉን መዝግቦ ወደ ላይ ይልካል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ይመስላል። ሰዎቹስ?

የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጉ በ1952፣ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች በ1954 እና በ1958 ወጡ። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ደግሞ በ1956 ዓ.ም ነው። አስቢው። የአገሪቱ ትልልቅ ሕጎች አብዛኞቹ የወጡት አገር ውስጥ አንድ የሕግ ተማሪ ሳይመረቅ ነው። በ1961 ሞጣ ላይ ችሎት የተቀመጡ ዳኞች በልምድ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት፣ በፍትሐ ነገሥት እውቀት፣ በጽሕፈት ቤት ሥራ ያደጉ ሰዎች መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ይህን ስል እያናናቅኋቸው አይደለም። የዚያን ዘመን የአውራጃ ውሳኔዎች ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ አማርኛቸው የጠራ፣ የሁለቱን ወገን ክርክር በትዕግሥት የሚዘረዝሩ፣ ምስክርን ከምስክር የሚያመዛዝኑ ናቸው። የሚጎድላቸው የአንቀጽ ጥቅስ ነው። ለሕግ ሰው ይህ ጉድለት ነው። ለአንቺ ግን ሀብት ነው፤ የቤተሰብሽን ታሪክ በሰው ቋንቋ ጽፈውልሻልና።

በተለይ ርስት ላይ። በጎጃምና በበጌምድር የርስት ክርክር የአንድ ቁራሽ መሬት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሰውየው ከመጀመሪያው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ትውልድ ቆጥሮ «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ድርሻ አለኝ» ብሎ ማስረዳት አለበት። ተከራካሪውም በዚያው ዘር ውስጥ ያለ ዘመድ ነው። ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ፣ ካህናት ይመሰክራሉ፣ አንዱ የቆጠረውን ሌላው ያፈርሳል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሰው ርስቱን ትቶ ትውልድ ቢያልፍም ልጁ ተመልሶ ይጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በበኩሉ የይርጋ ዘመን፣ ማለትም ካለፈ በኋላ መብት መጠየቅ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አበጅቷል። ሁለቱ ሐሳቦች የተጋጩት እዚያ አውራጃ ችሎት ላይ ነው። ዳኛው አንድ እግሩ በአዲሱ ሕግ፣ አንድ እግሩ በአገሩ ልማድ ነበር።

በዚያ ላይ ጊዜውን አስታውሺ። በ1960 ዓ.ም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም ተነሥቶ ነበር። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ ርስቱ እንዳይሄድበት ነው። ሞጣ አካባቢ እንቅስቃሴው ከበረታባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። የአያትሽ ውሳኔ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓመት የተሰጠ ነው። ርስት የሚለው ቃል ያኔ እንዴት ያለ እሳት እንደ ነበረ ይህን ይዘሽ ገምቺ።

አሁን ወደ ዘመዶችሽ ጥያቄ ልመለስ። ለምን አይሠራም?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የግል ባለቤትነት ቀረ። ርስት በነበረበት አገር ደግሞ አዋጁ አንድ ለየት ያለ ነገር አደረገ፦ በዚያን ጊዜ መሬቱን እያረሰ የተገኘው ገበሬ የመጠቀም መብት አገኘ። ዘር የቆጠረ አይደለም፣ የረታ አይደለም፣ እያረሰ ያለ። ስለዚህ አያትሽ በ1961 ረትተው መሬቱን ተረክበው እያረሱ ከነበረ በዚያው ቀጥለዋል፤ በፍርዱ ምክንያት ግን አይደለም፣ በሞፈራቸው ነው። ረትተው ሳይረከቡ ቀርተው ከነበረ ደግሞ ፍርዱ በዚያ ቀን ዋጋ አጣ። የገጠር መሬት ክርክርም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። የአውራጃ ፍርድ ቤት ትልቁ ሥራ በአንድ ቀን ከእጁ ወጣ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም መሬት እንደ ገና ተከፋፈለ። ከዚያም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መጣ። ዛሬ አማራ ክልል ውስጥ «መሬቱ የኔ ይዞታ ነው» ለማለት ዋናው ሰነድ ደብተሩ ነው። የ1961ዱ ፍርድ ከነዚህ ሁሉ በታች የተቀበረ ነው።

ሌላም አለ። መሬቱን እንተወውና ፍርዱ ስለ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 384 አፈጻጸም በ10 ዓመት ውስጥ እንዲጠየቅ ያዛል። 10 ዓመቱ ካለፈ በዚያ ፍርድ አፈጻጸም መጠየቅ አይቻልም። ይህን እያወቀ «ሞክረን እንየው» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን እየፈለገ ነው።

የፍርድ ቤቱ ታሪክ ግን በ1967 አላበቃም። በደርግ ዘመንም አውራጃ ፍርድ ቤት ቀጥሏል። በጎኑ ሌሎች ተነሡ፤ ከታች የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎች፣ ከላይ ደግሞ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና በኋላም ልዩ ፍርድ ቤት። ትንንሹ ጠብ ወደ ሸንጎ፣ ፖለቲካ የነካው ወደ ልዩው ሲሄድ መደበኛው ፍርድ ቤት መሃል ላይ ጠበበ። በ1980 ዓ.ም የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ሲመጣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 9፣ ከፍተኛና አውራጃ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 24 እንደ አዲስ ተቋቋሙ። የአዋጁን ስም ልብ በይ፤ «ከፍተኛ እና አውራጃ» ነው የሚለው። አውራጃው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሆኖ የታየበት የመጨረሻው ትልቅ ሕግ ይህ ነው። ሰበር የሚባለው፣ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት የመጨረሻ ፍርድ እንደ ገና የሚታይበት ሥርዓትም የገባው ያኔ ነው።

ከዚያ 1983 መጣ። በ1984 ዓ.ም ክልሎች በአዋጅ ቁጥር 7 ሲቋቋሙ አውራጃ የሚባለው የአስተዳደር እርከን ጠፋ። ዞን መጣ። ፍርድ ቤቱም አብሮ ጠፋ። ማንም ተነሥቶ «አውራጃ ፍርድ ቤት በደለ፣ ይዘጋ» አላለም። የቆመበት መሬት ከሥሩ ተነሣና ወደቀ።

ሥራው ግን ለሁለት ተከፈለ። በመጀመሪያ ደረጃ ያያቸው የነበሩት አብዛኞቹ ጉዳዮች ወደ ታች ወደ ወረዳ ወረዱ። ይግባኝ መስማቱና ከባድ ወንጀሉ ወደ ላይ፣ በዞኑ ዋና ከተማ ወደሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወጡ። ስለዚህ «ማን ተካው» ላልሽው መልሱ አንድ ፍርድ ቤት አይደለም። ግማሹን ወረዳ፣ ግማሹን የዞኑ ከፍተኛ ነው የወረሰው። ሞጣን በተመለከተ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደብረ ማርቆስ ነው።

ዛሬ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገርሽ፤ ስትሄጂ እንዳይምታታብሽ። ፕሬዚዳንት አለው። የፍትሐ ብሔር፣ የወንጀልና የይግባኝ ሥራ በችሎት ተከፍሏል። ከወረዳ የመጣ ይግባኝ ይሰማል፤ ከሱ ይግባኝ የሚባለው ባሕር ዳር ላለው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ሰበር አለ። ዳኞቹን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲያቀርባቸው። ገዥው ሰብሳቢ ከነበረበት ዘመን ጋር ስታነጻጽሪው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 አንድ ተጨማሪ ሥራ ሰጥቶታል፦ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣንም ይሠራል። ስለዚህ ያው አንድ ሕንፃ፣ ያው ዳኛ፣ አንዳንድ ቀን የክልል ጉዳይ፣ አንዳንድ ቀን የፌዴራል ጉዳይ ያያል።

ለገበሬው ወረዳ ላይ ብዙ ሥልጣን መሰጠቱ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ቅርብ ነው፤ ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ሌሊት ከቤቱ ውጭ አያድርም። ግን በዚህ መበታተን ውስጥ የተጎዳ አንድ ነገር አለ፣ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ። መዝገቡ። ፍርድ ቤት ሲዘጋ ዳኛው ይዛወራል፣ ጸሐፊው ይዛወራል፣ ወንበሩ ይዛወራል። ሺህ ማኅደር ግን ማን ይሸከማል? አንዱ ወረዳ ፍርድ ቤት መጋዘን ቀረ፣ አንዱ በመኪና ተጭኖ ወደ ዞን ሄደ። ዝናብ የገባበት አለ፣ ምስጥ የበላው አለ። በነዚያ ማኅደሮች ውስጥ የአንድ አገር የዘር ሐረግ፣ የድንበሩ ስም፣ የጋብቻው፣ የዕርቁ ነገር በምስክር ቃል ተጽፎ ይገኛል። ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ነው። ፍርድ ቤቶች አሁን መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ የሚጀምሩት ከአዲሱ ነው። አሮጌው ይጠብቅ ይባላል። አሮጌው ግን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ቢያንስ የመዝገብ ማውጫ ደብተሮቹ ዛሬውኑ ፎቶ ቢነሡ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው።

እንግዲህ ዋናውን መዝገብ ለመፈለግ እንዲህ አድርጊ። ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ «የፍ/ብ/መ/ቁ» (የፍትሐ ብሔር መዝገብ ቁጥር) ብሎ ቁጥሩንና ዓመቱን በእዝባር ያስቀምጣል። እሱን፣ የሁለቱን ተከራካሪዎች ሙሉ ስም ከነአያት፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ለይተሽ ጻፊ። ማኅተሙን አንብቢ፤ የማን ማኅተም እንደ ሆነ ይነግርሻል። ከዚያ መጀመሪያ ሞጣ ያለው ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጠይቂ፤ ብዙ ሰው በቀጥታ ዞን ይሄዳል፣ እኔ ግን ከቅርቡ መጀመር ይሻላል እላለሁ፤ የቆዩት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች የትኛው ማኅደር የት እንደ ተጫነ ያውቃሉ። «የለም» ካሉሽ ወዴት እንደ ተላከ ጠይቂ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ሂጂ። ማመልከቻሽ አጭር ይሁን፦ ወራሽ መሆንሽን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የፈለግሽው የተረጋገጠ ግልባጭ መሆኑን። አንቺ መሄድ ካልቻልሽ እዚያ ላለ ዘመድ ውክልና ስጪ። ፎቶኮፒ ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ፤ በሬጅስትራር ተፈርሞ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ነው ነገ የሚያስፈልግሽ።

ለምን ያስፈልገኛል ትይኝ ይሆናል፣ መሬቱን ካላስመለሰ። አንደኛ፣ ዝምድና ለማስረዳት። የውርስ ጉዳይ ተነሥቶ «እሷ የእገሌ የልጅ ልጅ አይደለችም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በፍርድ ቤት ምስክር የተሰማበት የዘር ቆጠራ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የዛሬ ምስክሮች ያላዩትን ያዩ ሰዎች ቃል ነውና። ሁለተኛ፣ ውሳኔውን ደኅና አድርገሽ አንብቢው፤ ከእርሻው ጋር ሞጣ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ወይም ግቢ ተጠቅሶ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኗል፤ ትርፍ ቤትም ተወርሷል። ግን ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ለባለቤቱ ቀርቷል። አያትሽ ይኖሩበት የነበረ ቤት ካለና እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ከሆነ፣ የቤቱን አመጣጥ ለማሳየት ያ ወረቀት ቦታ አለው። በዚህ ጊዜ ጠበቃ ማማከር ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ሦስተኛው ለፍርድ ቤት አይደለም፣ ለቤተሰብሽ ነው። የምስክሮቹን ስም ዝርዝር አውጪው። እያንዳንዱ ስም ማን እንደ ሆነ እናትሽን ጠይቂና ከስሙ ጎን ጻፊ። ይህን ደብረ ማርቆስ ከመሄድሽ በፊት አድርጊው፤ መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ ግልባጩና የእናትሽ ማብራሪያ አንድ ላይ ይኖርሻል። ወረቀቱን ደግሞ በፕላስቲክ አታስለብጪው፤ ላሚኔሽን አሮጌ ወረቀት ያበላሻል፣ ማኅተሙንም ለመመርመር ያስቸግራል። በደረቅ ቦታ ሳይታጠፍ አስቀምጪው፣ ሁለቱንም ገጽ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺና ለወንድምና ለእህቶችሽ ላኪላቸው።

የወረቀቱን ራስጌ ብቻ፣ ማለትም የተከራካሪዎቹን መጠሪያ፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ማኅተሙን፣ ስም ሸፍነሽ ብትልኪልኝ የመጀመሪያ ደረጃ ይሁን የይግባኝ፣ የወረዳውም መዝገብ መፈለግ አለበት ወይ የሚለውን አይቼ እነግርሻለሁ።